አንዲት ጥድ፦ ዝናብና ጎርፍ ሲለካ የኖረ ጣቢያ ታሪክ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሲቃረብ አንዲት ጥድ በተባለች የገበሬ አገር ያልፋል። ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። የብዙ ሰው ሐሳብ ከፊቱ ባለው ጉምና ከዋሻው ማዶ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስለሚሆን ቦታዋን ልብ የሚላት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ አየር ንብረት ከሌላው ዓለም ጋር የሠራችው ሥራ በአንድ ቦታ ይታይ ቢባል ከአንዲት ጥድ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። እዚህ ከ1982 ጀምሮ ዝናቡ ሲለካ፣ የወንዙ ከፍታ ሲመዘገብ፣ ጎርፉ ይዞት የሚሄደው አፈር ሲመዘን ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ‹የ66ቱ› ከሚለው በስተቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጣቢያው ታሪክ መነገር ያለበት ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ የሚያጠናውም ተፋሰስ ስፋቱ ከ500 ሄክታር አይበልጥም። መነገር ያለበት በትብብር ስም ከተጀመሩ ሥራዎች የትኛው እንደሚጸና፣ የትኛውስ ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ስፍራው

አንዲት ጥድ የምትገኘው በባሶና ወራና ወረዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ባለው ውርጫማ ደጋ ነው። እንዲህ ባለው ከፍታ ጤፍ አይታሰብም፤ አገሩ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ዝናቡ የሚመጣው በሁለት ወቅት ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙ ገበሬ ቤተሰቡን የሚመግበው በበልግ ገብስ ነው። በልግ ሲቀር፣ ወይም ዘግይቶ መጥቶ ቡቃያው ከክረምቱ በረዶና ከውርጭ ጋር ሲጋጠም፣ ያ ቤተሰብ የዓመት ቀለቡን ያጣል።

ጣርማ በር የውሃ መለያያም ነው። ከሸንተረሩ ምዕራብ የወረደው ውሃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከምሥራቅ የወረደው በይፋት ቆላ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። አንድ ደመና ያዘነበው ዝናብ ገሚሱ ለሱዳንና ለግብፅ፣ ገሚሱ ለአፋር ይደርሳል ማለት ነው። በዚህ ሸንተረር ላይ አፈር ሲታጠብ ጉዳቱ የአንድ ቀበሌ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ከረሀብ የተነሣ ሥራ

የ66ቱ ረሀብ በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ አቀበቶች ላይ የነበረውን የመሬት መጎሳቆል ለዓለም አጋለጠ። በ1975 የመሬት አዋጁ ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። መንግሥት በእነዚህ ማኅበራት በኩል ሕዝቡን ለእርከን ሥራ ማሰማራት ጀመረ። ከውጭ በኩል ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ1980 ደንን፣ ግጦሽንና እርሻን መልሶ የማልማት ፕሮጀክት ይዞ ገባ። አሠራሩ ምግብ ለሥራ ይባል ነበር። አንድ ሰው ለአንድ ቀን የሥራ ልክ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይከፈለው ነበር። በዚህ ክፍያ በአሥር ዓመት ውስጥ በመቶ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር እርከን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ተሠራ።

ዘመቻው ሲጀመር ግን መሠረታዊ ጥያቄዎች መልስ አልነበራቸውም። ከአንድ ሄክታር እርሻ በዓመት ስንት ቶን አፈር ይታጠባል? እርከን ሲሠራ ስንቱ ይድናል? ለወሎ የሚሆነው እርከን ለጎጃም ይሆናል? ይህን የሚመልስ ልኬት በአገሪቱ አልነበረም። ብሔራዊው የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱ መሥሪያ ቤት ሆኖ የተቋቋመው በ1980 መጨረሻ ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተመሠረተ። በአንድ ወገን የግብርና ሚኒስቴር፣ በሌላ ወገን የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ነበሩ፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከስዊስ መንግሥት መጣ። ሥራውን የመሩት ሀንስ ሁርኒ የተባሉ የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው። ሁርኒ ኢትዮጵያን ቀድሞ ያወቋት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በነበራቸው የጥበቃ ሥራ ነበር። ፕሮግራሙ የአገሪቱን ልዩ ልዩ የአየር ንብረት ቀጠናዎች እንዲወክሉ ሰባት ጣቢያዎች መረጠ፤ በወሎ ማይባር፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ በያኔዋ የኤርትራ ክፍለ ሀገር አፍደዩ። አንዲት ጥድ በ1982 ሥራ ስትጀምር የከፍተኛውን፣ የቀዝቃዛውንና የበልግ አምራቹን ደጋ ወከለች።

ጎርፉ እንዴት ይለካል

የጣቢያው ሥራ በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው በማሳ ላይ ነው። 2 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ያላቸው ትንንሽ መሬቶች ዳር ዳራቸው ይታጠርና ከግርጌያቸው የውሃ ማጠራቀሚያ ይቀመጣል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከመሬቷ የወረደው ውሃና አፈር እዚያ ይጠራቀማል፤ ይለካል፤ ይመዘናል። በአንዱ ላይ ገብስ፣ በሌላው ላይ ሣር ሲኖር ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። ሰፋ ባሉት መሬቶች ላይ ደግሞ ልዩ ልዩ የእርከን ዓይነቶች እርስ በርስ ይወዳደራሉ።

ሁለተኛው የልኬት ደረጃ የተፋሰሱ ውሃ በሙሉ በሚያልፍበት በወንዙ መውጫ ላይ ነው። እዚያ መሣሪያው የውሃውን ከፍታ ይመዘግባል፤ የደለሉን መጠን የሚያውቀው ግን ሰው ነው። ጎርፍ መጥቶ ውሃው ሲደፈርስ ተመልካቹ ወንዙ ዳር ቆሞ በየአሥር ደቂቃው በአንድ ሊትር ጠርሙስ ይቀዳል። ውሃው መጥራት ሲጀምር ቅጃው በየግማሽ ሰዓቱ ይሆናል። ጠርሙሶቹ ይቆጠራሉ፤ ሰዓታቸው ይጻፋል፤ ውሃው በማጣሪያ ወረቀት ይጣራል፤ የቀረው አፈር ደርቆ ይመዘናል። ይህ ሥራ ለእሑድ፣ ለበዓል፣ ለሌሊትም አይመለስም፤ ጎርፍ ቀጠሮ የለውምና። ነሐሴ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ፣ በዶፍና በብርድ መካከል ይህን ያደረጉት የጣቢያው ተመልካቾች ናቸው። ጄኔቫም ሆነ በርን፣ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ሰው እጅ የገባው እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ከእነሱ ጠርሙስ የተቀዳ ነው።

ከሰባቱ ጣቢያዎች በተሰበሰበው ልኬት ላይ ተመሥርቶ ሁርኒ ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመቱ። ይህ በየዓመቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የአፈር ውፍረት ነው። አፈር በተፈጥሮ የሚተካው ከዚያ በብዙ እጥፍ ቀርፋፋ ሆኖ ስለሆነ የዚያ ቁጥር ትርጉም ለማንም ግልጽ ነበር። ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀውና በ1986 የወጣው የአፈር ጥበቃ መመሪያም በዚሁ ልምድ ላይ የቆመ ነው። የቱ እርከን ለየትኛው ተዳፋትና ለየትኛው ዝናብ እንደሚስማማ በሥዕል ጭምር ያሳይ ነበር።

እርከኑና ገበሬው

ጣቢያው ያወጣው ሁለተኛው ውጤት የመጀመሪያውን ያህል ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። እርከን አፈርን በእርግጥ ይይዛል፤ ልኬቱ ይህን አረጋግጧል። ምርት ግን ወዲያው አይጨምርም። እርከኑ ራሱ ከማሳው መሬት ይወስዳል። እንደ አንዲት ጥድ ባለ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ ውሃን አግዶ የሚያስቀር እርከን ማሳውን ያጨቀየዋል፤ ገብስም እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ቢጫ ይሆናል። ገበሬው የሚያነሣው ቅሬታም ይኸው ነበር፤ መሬት ይበላል፣ በሬ ለማዞር አይመችም፣ አይጥ ይራባበታል። በተመራማሪዎቹ ሰንጠረዥና በገበሬው አፍ የተነገረው ነገር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ገበሬውን ግን በጊዜው ያማከረው አልነበረም። እርከኑ የሚሠራው በገበሬ ማኅበር ትእዛዝ ነው፤ ክፍያው ስንዴ ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ነገ ይሸጋሸግ አይሸጋሸግ አይታወቅም። ስለዚህ በ1991 ደርግ ሲወድቅና የገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ሲላላ፣ በሌሎችም ቦታዎች እንደሆነው፣ በአንዲት ጥድ ብዙ ገበሬዎች እርከኑን ከፊሉን ወይም ሙሉ በሙሉ አፈረሱት። ኢኮኖሚስቱ በቀለ ሺፈራውና ኖርዌያዊው ስታይን ሆልደን ይህንኑ ቦታ አጥንተው በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ ገበሬው እርከን የሚያፈርሰው የአፈር መታጠብን ስላላወቀ እንዳልሆነ አሳዩ። ገበሬው አፈሩ እንደሚሄድ ያውቃል። ግን ድህነቱ፣ የመሬቱ ጥበትና የዛሬው ቀለብ ከአሥር ዓመት በኋላ ከሚገኘው ጥቅም ይቀድሙበታል።

ይህ ግኝት ዛሬ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ‹መላመድ› እየተባለ በሚጠራው ሥራ ሁሉ ላይ የሚሠራ ነው። የውጭ ገንዘብና የመንግሥት ትእዛዝ ተባብረው ተራራውን ሁሉ እርከን በእርከን ሊያደርጉት ይችላሉ። የማሳው ባለቤት ያላመነበት እርከን ግን ስንዴው እስኪያልቅ ብቻ ይቆማል።

ርክክብ

በ1990ዎቹ አጋማሽ የምርምር ጣቢያዎቹ ለክልሎች ተላለፉ፤ የስዊሱ ፕሮግራምም በ1998 ተዘጋ። አንዲት ጥድ የአማራ ክልል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ይዞታ ሆነች፤ ደብረ ብርሃን ያለው የምርምር ማእከልም ይከታተላት ጀመር። ለብዙ ፕሮጀክት ይህ የታሪኩ መጨረሻ ይሆናል። መኪናው ይቆማል፤ መሣሪያው ይዝጋል፤ መዝገቡ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ከሰባቱ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ በእርግጥ ይህ ደርሶባቸዋል፤ በቀሩትም መዝገብ ላይ ክፍተት ያለባቸው ዓመታት አሉ። አንዲት ጥድ፣ ማይባርና አንጀኒ ግን ጨርሰው አልተዘጉም። በ2011 በስዊስ ድጋፍ የውሃና መሬት ሀብት ማእከል በአዲስ አበባ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ እነዚህን ጣቢያዎች መልሶ ማጠናከርና የተጠራቀመውን መዝገብ ማደራጀት ነበር። በዚህ ጊዜ መሪዎቹም ጸሐፊዎቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም በእነዚሁ ጣቢያዎች ላይ በተሠራ ጥናት የተማሩ ናቸው።

መዝገቡ ረጅም መሆኑ ደግሞ መጀመሪያ ያልታሰበ ጥቅም አመጣ። በ2008 የታተመ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጋራ የሠሩት ጥናት የሦስቱን ጣቢያዎች የዝናብና የወንዝ መዝገብ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ይጠጣል፤ ወደ 500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ከጠጣ በኋላ ግን ከሚዘንበው ውስጥ የማይለዋወጥ ድርሻ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ ታየ። ጎርፉን የሚወስነው የአንድ ቀን ዝናብ ኃይል ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ መሬቱ ምን ያህል እንደጠገበም ይወስናል። ከዚህ ተነሥቶ የት ላይ እርከን፣ የት ላይ የውሃ ማስወገጃ ቦይ፣ የት ላይ ሣርና ዛፍ ይሻላል የሚለውን በበለጠ እርግጠኝነት መናገር ተቻለ። በ1982 ጠርሙስ የቀዳው ሰው ሥራ ከ26 ዓመት በኋላ ስለ ዓባይ ውሃ አዲስ ነገር አስተማረ።

ከአፈር ወደ አየር ንብረት

አንዲት ጥድ ሥራ ስትጀምር ‹የአየር ንብረት ለውጥ› የሚለው ጉዳይ በመንግሥታት ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። የአየር ንብረት ለውጥን የሚመረምረው የመንግሥታት ፓነል የተቋቋመው በ1988፣ ማዕቀፍ ስምምነቱ በሪዮ የተፈረመው በ1992 ነው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ1994። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ፈጣን ነው። በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአፍሪካ ተደራዳሪዎች ቃል አቀባይ ሆኑ፤ ባለጸጋ አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። ቃሉ የተፈጸመው ዘግይቶ፣ በ2022 ነው። በ2011 ኢትዮጵያ ‹ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ› ስትራቴጂዋን በደርባን ይፋ አደረገች፤ ቀጥላም የሚመጣውን ገንዘብ የሚቀበልና የሚያስተዳድር ፋሲሊቲ አቋቋመች። በ2017 እና በ2018 ኢትዮጵያዊው ገብሩ ጀምበር የ47ቱን በማደግ ላይ ያሉ ድሃ አገሮች ቡድን በድርድሩ መሩ።

በ2021 ኢትዮጵያ የልቀት እቅዷን ስታሻሽል እስከ 2030 በተለመደው መንገድ ቢኬድ ከሚኖረው ልቀት 68.8 በመቶውን እንደምትቀንስ አስታወቀች። ከ68.8ቱ ውስጥ በራሷ አቅም የምትሠራው 14ቱን ነው፤ የቀረው በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የእቅዱ ትልቁ ክፍል ደግሞ ከደን፣ ከመሬት አጠቃቀምና ከግብርና የሚገኝ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው እንደ አንዲት ጥድ ባለ ተዳፋት ላይ የሚኖረው ገበሬ ነው። ገንዘቡ እንዲመጣ ምን ያህል ካርቦን በአፈሩና በዛፉ እንደተያዘ፣ ምን ያህል ጎርፍ እንደቀነሰ በቁጥር መረጋገጥ አለበት። በአገሪቱ የተራራ ተፋሰስ ላይ አርባ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ መነሻ ያላቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ከጣርማ በር አጠገብ ናት።

ለመላመድም እንዲሁ ነው። ለበልግ ገበሬ የዓመቱ አማካይ ዝናብ ብዙ አይጠቅመውም። የሚፈልገው ዝናቡ በየካቲት በየትኛው ሳምንት እንደሚጀምር፣ በመካከል ስንት ቀን እንደሚያቋርጥ፣ ውርጩ መቼ እንደሚመጣ ነው። ይህን የሚናገረው ለአሥርት ዓመታት ከቀን ወደ ቀን የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው።

የመንዝ ምስክር

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ የያዘ ሰው ጓሳ የተባለውን የመንዝ የሣር ምድር ያገኛል። እዚያ ያለው ተቋም ከየትኛውም የውጭ ትብብር በፊት የነበረ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች በቄሮ ሥርዓት የጓሳን ሣር አንዳንዴ ለዓመታት እየዘጉ፣ በተራ እየከፈቱ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳና ለግጦሽ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። በኋላ ሕዝቡ ራሱን በኮሚቴ አደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ፤ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ደገፈው፤ የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮውና ከሣሩ ሥር የሚመነጨው ውሃ እዚያ አሉ።

ጓሳና አንዲት ጥድ አንድ ነገር ይመሰክራሉ። በጓሳ ባለቤቱ አስቀድሞ ነበር፤ የውጭው እጅ አገዘው እንጂ አልተካውም። በአንዲት ጥድ የውጭው እጅ ቀድሞ መጣ፤ የጸናው ግን ኢትዮጵያዊ ተመልካች፣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ኢትዮጵያዊ ተቋም ሲረከቡት ነው። በሁለቱም ዘንድ የጊዜ ርዝመት ወሳኝ ነበር። የስዊሱ ፕሮግራም ለ17 ዓመት ቆየ፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ መጣ። ብዙ የአየር ንብረት ፕሮጀክት ግን በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ይዘጋል። በአምስት ዓመት የበልግን ጠባይ መለየት አይቻልም፤ የተተከለ ዛፍም አያድግም፤ የገበሬ እምነትም አይገነባም።

ከ2027 በፊት

በኅዳር 2025 በብራዚሏ ቤሌም በተደረገው ጉባኤ አዲስ አበባ በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ብዙ ሺሕ ልዑካን ይመጣሉ፤ አረንጓዴ ዐሻራ የተባለው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ይነሣል፤ ስለ ገንዘብ ይከራከራሉ። ኢትዮጵያ በዚያ ጉባኤ ልታቀርበው የምትችለው ጠንካራ ነገር የራሷ ልምድ ነው፤ ያም ልምድ ሦስት ነገር ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ለመላመድ ከሚመጣው ገንዘብ የተወሰነው ድርሻ ለልኬት ይመደብ፤ ለመሣሪያ መግዣ ብቻ ሳይሆን ለተመልካቹ ደመወዝ፣ ለጠርሙሱ፣ ለማጣሪያ ወረቀቱ፣ ለአሥርና ለሃያ ዓመት። ዝናብ መለኪያ ገዝቶ ተመልካች አለመቅጠር ገንዘብን ሜዳ ላይ መጣል ነው። ሁለተኛ፣ ከመሬቱ የተወሰደው ቁጥር ወደ መሬቱ ባለቤት ይመለስ። የአንዲት ጥድ ገበሬ በማሳው ላይ የተሰበሰበውን የአርባ ዓመት መዝገብ በበልግ መግቢያ ላይ፣ በሚገባው መንገድ፣ ከልማት ሠራተኛው አፍ መስማት ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ልኬቱ ‹ይህ እርከን ለዚህ ማሳ አይሆንም› ሲል እቅዱ ይለወጥ እንጂ ገበሬው አይወቀስ። በ1980ዎቹ ቁጥሩም ገበሬውም ይህን ተናግረው ነበር፤ ሰሚ ስላጡ በ1991 እርከኑ ፈረሰ።

ድርድሩ የሚያስገኘው ገንዘብ አገሪቱ ከምታዋጣው ከራሷ ገንዘብ ጋር ተደምሮ የሚውለው በእንደዚህ ያሉ ተዳፋቶች ላይ ነው። በትክክል መዋሉን የሚያሳውቀንም ተመልካቹ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ከወንዙ የሚቀዳው አንድ ሊትር ውሃ ነው። ለእሱ የሚከፈለው ደመወዝ ከጉባኤው በኋላም እንዳይቋረጥ ከአሁኑ በበጀት ይያዝ።